ሮማኑን አትቁረጡት! ስለ ጓሮ ሮማን ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ጎረቤቴ እማማ ባለፈው ሳምንት በጠዋት በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ መጋዝሽን አውሺኝ» አሉኝ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ሮማኑን ልቆርጠው ነው፤ ወንድ ነው አሉ» አሉ። ማን አለ? ልጃቸው በስልክ የላከላቸው ጽሑፍ ነው ያለው።

መጋዙን አልሰጠሁም። ጽሑፉን ግን ተቀብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ብዙ ሰው እየተቀባበለው እንደሆነ የገባኝም ያኔ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ሮማን የበረሃ ዛፍ ስለሆነና ብዙ ቦታ ስለሚፈጅ ለመኖሪያ ቤት ጓሮ አይመችም። መትከል የግድ ያለበት ሰው ከዘር ይትከል። አበባው የሚረግፍ ዛፍ ወንድ ነውና ይቆረጥ፣ በምትኩ ሴትና ወንድ ሁለት ዛፍ ይተከል። ፍሬው እንዳይሰነጠቅ ውሃ ይከልከል። አበባ እንዲበዛ በየሁለት ሳምንቱ ፍግና ዩሪያ ይጨመር። በየዓመቱ ዙሪያውን ይከርከም። ፍሬው ቀላ ሲል ተቀጥፎ ቤት ውስጥ ይብሰል። ነፍሳት እንዳይደፍሩት በአበባው ጊዜ መድኃኒት ይረጭ። በመጨረሻም የሥሩ ቅርፊት ተቀቅሎ ለሆድ ትል ይጠጣ።

ሮማን ማሳደግ ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆነኝ። ጓሮዬ ውስጥ አራት ዛፎች አሉ። አንዳንዱን ስህተት ራሴ ሠርቼ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ጸሐፊውን ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ጤነኛ ዛፍ በከንቱ እንዳይቆረጥ፣ ሰውም እንዳይጎዳ ነው።

መጀመሪያ ልክ ያሉትን ልመስክር። ሮማን ፀሐይ ይወዳል ማለታቸው እውነት ነው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያላገኘ ሮማን ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ውሃ የሚያቁር መሬት ይጠላል ያሉትም ልክ ነው። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ከከረመ ይበሰብሳል። መሬታችሁ ሸክላ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ደልድሉና እላዩ ላይ ትከሉት። ስለ አፈር ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ሮማን አሸዋማውንም፣ ድንጋያማውንም፣ ትንሽ ጨዋማውንም ይችላል።

«የበረሃ ዛፍ ነው» የሚለው ግን ልክ አይደለም። የሮማን መነሻ ከኢራን አንስቶ እስከ ሰሜን ሕንድ የሚዘልቀው አካባቢ ነው። እዚያ በበጋ ሙቀቱ ያነዳል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ በረዶ ይጥላል። ቅጠሉን አራግፎ ያረፈ ሮማን ከዜሮ በታች እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ያለውን ቅዝቃዜ ይቋቋማል። ጠንካራ ብርድ በሌለበት ቦታ ደግሞ ቅጠሉን ሳይጥል ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። የሚያስቸግረው እርጥበት ነው። ፍሬው በሚበስልበት ጊዜ አየሩ ከረጠበና ዝናብ ከበዛ ፈንገስ ያጠቃዋል።

ቦታም ቢሆን እንደተባለው አይፈጅም። ዝም ብለው ከተዉት 5 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከተገረዘ ግን በሰው ቁመት ልክ ይቆያል፤ እንዲያውም ለመቅጠፍ የሚመቸው ያኔ ነው። ሁለት ዛፍ ከሆነ በመሃላቸው ከ3 እስከ 4 ሜትር ተዉ። እንደ አጥር በረድፍ ለመትከል 2 ሜትር ይበቃል። መሬት የሌለው ሰው 50 ሊትር በሚይዝ፣ ታችው በተበሳ ዕቃ ውስጥ ሊያሳድገው ይችላል። ናና የሚባል ድንክ ዓይነትም አለ። ቁመቱ ከ1 ሜትር ብዙም አያልፍም፣ አበባው ደግሞ ዓይን ይስባል። ፍሬው ግን ትንሽና ኮምጣጣ ነው፤ ለመብል ብላችሁ ከሆነ እሱን አትምረጡ።

ከዘር ትከሉ ስለሚለው ምክር። የሮማን ዘር በቀላሉ ይበቅላል፤ ችግሩ መብቀሉ ላይ አይደለም። ከዘር የበቀለው ዛፍ እናቱን ላይመስል ይችላል። ጣፋጭ ሮማን በልታችሁ ዘሩን ብትተክሉ፣ ከዓመታት ጥበቃ በኋላ ኮምጣጣ ወይም ዘሩ ደንዳና የሆነ ፍሬ ሊመጣ ይችላል። በዓለም ገበያ ላይ የታወቀውን ዎንደርፉል የሚባለውን ዝርያ እንውሰድ። መጀመሪያ የተገኘው ፍሎሪዳ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ወደ ካሊፎርኒያ ተወስዶ መባዛት ጀመረ። ያኔም ዛሬም የሚባዛው በቁራጭ፣ ማለትም ከዛፉ ተቆርጦ በሚተከል ቅርንጫፍ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ጠባዩን ሳይለውጥ የቆየው ለዚህ ነው። የሕንዱ ባግዋም፣ ዘሩ ለስላሳ የሆነው የስፔኑ ሞላር ዴ ኤልቼም እንደዚሁ በቁራጭ ነው የሚስፋፉት።

ቁራጭ መትከል ደግሞ ለማንም አይከብድም። ዛፉ ባረፈበት ጊዜ፣ አዲስ ቅጠል ከመፈንዳቱ በፊት፣ አንድ ዓመት የሆነውን ቅርንጫፍ ፈልጉ። ውፍረቱ እርሳስ ያህል ይሁን። ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት። የታችኛውን ጫፍ ሰያፍ፣ የላይኛውን ቀጥ አድርጉት፤ አለበለዚያ የቱ ወደ ላይ እንደነበር ይጠፋችኋል። ተዘቅዝቆ የተተከለ ቁራጭ ደግሞ አይሆንም። ከርዝመቱ ሦስት አራተኛውን አፈር ውስጥ ቅበሩ፤ ከላይ አንድ ሁለት ዓይን (ቅጠል የሚወጣበት እብጠት) ይቅር። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሥር ይሰዳል። እንዲህ የተተከለ ሮማን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ማሳየት ይጀምራል።

አሁን ወደ እማማ ዛፍ እንመለስ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዋናነት ለእሱ ስል ነው።

ጸሐፊው ሮማን ወንድና ሴት ዛፍ አለው ይላሉ። የለውም። ፓፓያና ቴምር እንደዚያ ናቸው፤ ሮማን ግን አይደለም። ሮማን አንዱ ዛፍ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። አንደኛው ወንዴም ሴቴም ክፍል ያለው ሙሉ አበባ ነው፤ ፍሬ የሚሆነው እሱ ነው። ሁለተኛው ሴቴ ክፍሉ ሳያድግ የቀረ፣ ሥራው የአበባ ዱቄት መስጠት ብቻ የሆነ አበባ ነው። ይህኛው ይረግፋል። መርገፉም ተፈጥሮው ነው። በብዙ ዝርያዎች ላይ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አበባ የሚረግፈው ዓይነት ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሮማን ሥር ቀይ አበባ ተነጥፎ ብታዩ አትደንግጡ።

ያን ዕለት ከእማማ ጋር ወደ ጓሯቸው ሄድን። አሮጌ ነጠላ አወጡና ዛፉ ሥር አነጠፍን። እስከ ማታ የረገፈውን ሰብስበን ስንቆጥር 64 አበባ ሆነ። ምላጭ ይዤ አንድ በአንድ ለሁለት ሰነጠቅኳቸው። 61ዱ ከታች ጠበብ ያሉ፣ ቅርጻቸው ደወል የሚመስል ነበሩ። ውስጣቸው በብጫ የአበባ ዱቄት የተሞላ ነው፤ መሃል ላይ ያለችው የሴቴዋ ዘንግ ግን አጭርና የቀጨጨች ናት። የቀሩት ሦስቱ ብቻ ከታች ሞላ ያሉ፣ እንስራ የሚመስሉ ነበሩ።

ከዚያ ቀና ብለን ዛፉን አየን። «እማማ፣ እስቲ እንስራ የሚመስለውን ይፈልጉልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሄዱ። ዘጠኝ አገኙ። ከዘጠኙ ሁለቱ ከታች ማበጥ ጀምረዋል፣ ቆዳቸውም አንጸባርቋል። አንዱን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው «ይሄማ ቋጥሯል» አሉ። አዎ፣ ቋጥሯል። ይህ ነው እንግዲህ «ወንድ» ተብሎ ሊቆረጥ የነበረው ዛፍ።

ሁለት ዛፍ ካልተተከለ ፍሬ የለም የሚለውም ከዚሁ ስህተት የመጣ ነው። ሮማን በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ መያዝ ይችላል። ሌላ ዝርያ አጠገቡ ካለ አንዳንዴ የሚይዘው ፍሬ ይበረክታል፤ ግን ግዴታ አይደለም። ይልቅ የሚያስፈልገው ንብ ነው። የሮማን የአበባ ዱቄት ነፋስ የሚወስደው ዓይነት አይደለም። ንብ የማይደርስበት በረንዳ ላይ ያሳደጋችሁት ከሆነ ለስላሳ ብሩሽ ውሰዱ። ደወል የሚመስለውን አበባ ውስጡን ዳሰስ፣ ከዚያ እንስራ የሚመስለውን መሃሉን ነካ። ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ቀናት ብታደርጉት ለውጡን ታያላችሁ።

«የኔ ግን ሙሉ አበባውንም ይጥላል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ምክንያትም አለው። ዛፉ ገና ልጅ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት አብቦ መጣሉ የተለመደ ነው። ጥላ ውስጥ ከሆነም ይጥላል። አንዴ ደርቆ አንዴ ከረጠበም ይጥላል። ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከበዛበትም እንደዚሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ሮማን የሚያብበው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በዙር በዙር ነው። ትልልቁ ፍሬ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቀድሞ ከቋጠረው አበባ ነው። መጨረሻ ላይ የሚያብበው ፍሬ ቢይዝም ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ሁለትና ሦስት ፍሬ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቀው ከቋጠሩ አንዱን ትታችሁ ሌሎቹን ገና እንጭጭ ሳሉ ቅጠፏቸው። እጅ አልታዘዝ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን የቀረው ያድጋል፤ ሁለት ፍሬ በተነካኩበት ቦታ የሚደበቀው ተባይም መደበቂያ ያጣል።

ውሃ ይከልከል ስለሚለው ደግሞ በራሴ የደረሰውን ላውራ።

አንድ ጊዜ ፍሬው ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ለ3 ሳምንት ከቤት ርቄ ነበር። ዝናብ አልዘነበም፣ የሚያጠጣልኝም ሰው አልነበረም። ስመለስ አፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ቅጠሉ ጠውልጓል። አሳዘነኝ። ጎማውን ከፍቼ ግንዱ ሥር አጋደምኩትና ሲፈስ አደረ። ጠዋት ቅጠሉ ቀና ሲል ደስ አለኝ። በሁለተኛው ቀን ግን ከ40 ገደማ ፍሬ 17ቱ ከዘውዳቸው እስከ ወገባቸው ተተርትረው አገኘኋቸው። ቀያዮቹ ዘሮች ወደ ውጭ ፈጠዋል። ጉንዳን ተሰልፎ እየገባ ነው። አንዱን ፍሬ ይዤ ስንጥቁን ባየው ቆዳው እንደ ደረቅ ካርቶን ሆኗል፤ ውስጡ ያሉት ዘሮች ግን ውጥር ብለው አንዱ አንዱን ይገፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ውሃ ሲጠፋ የፍሬው ቆዳ ይደርቃል፣ መለጠጡን ያቆማል። ድንገት ብዙ ውሃ ሲመጣ ዘሮቹ በአንዴ ይጠጡና ያብጣሉ። ቆዳው አብሮ አይሰፋም። ስለዚህ ይቀደዳል። ጸሐፊው ውሃ ጠጥቶ የተሰነጠቀ ፍሬ አይተው «ውሃው ነው የሰነጠቀው» ብለዋል። ያዩት ልክ ነው፤ መደምደሚያቸው ግን ተገላቢጦሽ ነው። የሰነጠቀው ከውሃው በፊት የነበረው ድርቀት ነው። ውሃ ከልክሉ የሚለውን ምክር የተከተለ ሰው፣ የመጀመሪያው ዝናብ የመጣ ቀን ፍሬውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል።

ሮማን ድርቅ ይችላል ማለት ዛፉ አይሞትም ማለት ነው። ጥሩ ፍሬ ይሰጣል ማለት አይደለም። ለፍሬ የሚፈልገው የማይቋረጥ፣ የተመጠነ እርጥበት ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብዬ ጣቴን ወይም ቀጭን እንጨት አፈሩ ውስጥ እሰዳለሁ። ከላይ ያለው ደርቆ ከ10 ሳንቲሜትር በታች ያለው ረጠብ ካለ እተወዋለሁ። ታችም ከደረቀ አጠጣለሁ። ሳጠጣ ላይ ላዩን አልረጭም፤ ቀስ ብሎ ወደ ታች እንዲሰርግ ነው የማደርገው። በሞቃት ወራት ይህ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይሆናል። በላዩ ላይ ደረቅ ሣርና ቅጠል 10 ሳንቲሜትር ያህል እጎዘጉዛለሁ። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ግን ተጠንቀቁ፤ ከነካው ግንዱን ያበሰብሰዋል። ዛፉ ከደረቀባችሁም በአንድ ሌሊት ለመካስ አትሞክሩ። ትንሽ ስጡት፣ በሁለት ቀን ድገሙት፣ ቀስ በቀስ መልሱት። ፍሬው በስሎ ሳለ ከባድ ዝናብ የሚመጣ ከመሰላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ቅጠፉ።

ማዳበሪያው ላይ አጭር መልስ አለኝ። በየሁለት ሳምንቱ ፍግና ዩሪያ የሚጨምር ሰው ለምለም ቁጥቋጦ ያገኛል። ናይትሮጅን ሲበዛ ዛፉ ጉልበቱን ወደ ቅጠልና ወደ አዲስ ቅርንጫፍ ያዞራል። አበባው ይረግፋል፣ የተረፈውም ፍሬ ይዘገያል። አዲስ ለምለም ቅጠል ደግሞ ክሽክሽ የሚባለውን ተባይ ይጠራል። ተመልከቱ እንግዲህ፤ በዚህ ምክር አበባው እንዲረግፍ ያደርጉትና፣ በዚያኛው ምክር አበባው ረገፈ ብለው ያስቆርጡታል። ለጓሮ ሮማን በዓመት አንዴ፣ አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ሲል፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ዙሪያውን መበተን ይበቃዋል። ትኩስ ፍግ ግንዱ ሥር አይከመር። ዛፉ እያደገ፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ከሆነ ምንም አትጨምሩ።

«ዙሪያውን ከርክሙ» የተባለውንም እንደዚሁ ተዉት። የሮማን አበባ የሚወጣው ሁለትና ሦስት ዓመት በሆናቸው ቅርንጫፎች ላይ ከሚበቅሉ አጫጭር ቀንበጦች ጫፍ ነው። አብዛኛው ደግሞ በዛፉ ውጫዊ ክፍል ላይ ነው ያለው። ዙሪያውን እንደ አጥር የከረከመ ሰው የመጪውን ወቅት ፍሬ ነው የቆረጠው። መግረዝ የሚያስፈልገው የደረቀውን፣ ተጣምሮ የሚፋተገውን፣ ወደ መሃል የገባውንና ከሥር የሚያቆጠቁጠውን ለማውጣት ነው። ይህ የመጨረሻው በየጊዜው ይመጣል፤ ገና ለጋ ሳለ በእጅ መንቀል ይቀላል። ብርሃን መሃል ድረስ ከገባ በቃ። አንድ ግንድ ወይስ ብዙ የሚለው የምርጫ ጉዳይ ነው። እኔ ከ3 እስከ 5 ግንድ አስቀራለሁ። አንዱ በብርድ ወይም በሚበሳ ተባይ ቢጎዳ ሌሎቹ አሉ። እሾህ ስላለው ጓንት አድርጉ።

ፍሬውን ቀላ ሲል ቀጥፎ ቤት ውስጥ ማብሰል አይቻልም። ይህን በአጽንኦት የምለው ብዙ ሰው የሮማኑን ጣዕም የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ ከተቀጠፉ በኋላ ይበስላሉ። ሮማን እንደ ብርቱካንና እንደ ወይን ነው፤ ከዛፉ ከወረደ በኋላ ስኳሩ አይጨምርም። ኮምጣጣውን ከቀጠፋችሁት ኮምጣጣ ሆኖ ይቀራል። ቀለም ብቻውን አያስተማምንም። አንዳንዱ ዝርያ ገና ሳይበስል ይቀላል፣ አንዳንዱ በስሎም ሮዝ ወይም ብጫ ነው። ከአበባ እስከ ፍሬ ከ5 እስከ 7 ወር ይፈጃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የቋጠረበትን ጊዜ መዝግቡ።

ከዚያ ቅርጹን እዩ። ያልበሰለ ሮማን ድቡልቡል ኳስ ነው። ሲበስል ዘሮቹ ከውስጥ ስለሚገፉት ጎን ጎኑ ጠፍጠፍ ይላል፣ ማዕዘን ያወጣል። የቆዳው አንጸባራቂነት ይደበዝዛል። በእጃችሁ ስትመዝኑት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። በጣት አንኳኩት፤ ጠንከር ያለ፣ ብረት ብረት የሚል ድምፅ ይሰጣል። ጥርጣሬ ካላችሁ አንዱን ቁረጡና ቅመሱ፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ስትቀጥፉ አትጎትቱ። አንገቱን በመቀስ ወደ ፍሬው አስጠግታችሁ ቁረጡ። ያልቆሰለ ሮማን ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። በ5 እና በ7 ዲግሪ መካከል ሲቀመጥ ደግሞ ወራት ይዘልቃል። ከዚያ በታች ቅዝቃዜው ራሱ ይጎዳዋል፤ ቆዳው ይጠቁራል።

በአበባ ጊዜ መድኃኒት መርጨት ንቧን መግደል ነው። ንብ ከሌለች ፍሬም የለም። ጸሐፊው የሚፈሩት ተባይ ግን እውነተኛ ነው፤ እሱን አልክድም። ፍሬው አናት ላይ እንቁላሏን የምትጥል ቢራቢሮ አለች፤ ትሉ በስቶ ይገባና ውስጡን ይጨርሰዋል። ዘውዱ ውስጥ በደረቁት የአበባ ዘንጎች መሃል የምትራባ የእሳት እራትም አለች። ለነዚህ በጓሮ ደረጃ የሚሠራው የእጅ ሥራ ነው። ፍሬው የእንቁላል መጠን ሲደርስ ዘውዱ ውስጥ ያለውን ደረቅ ነገር በትንሽ ብሩሽ ጠርጉ። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ወይም በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እሰሩት። የተበሳና የወደቀ ፍሬ ዛፉ ሥር አይደር፤ ሰብስቡና በጥልቁ ቅበሩ። ክሽክሽን በጠንካራ ውሃ ማጠብ ይቻላል፤ ካልሄደ ለስላሳ ሳሙና በውሃ በጥብጦ ማታ ላይ፣ ንቦች ከገቡ በኋላ፣ ቅጠሉ ላይ ብቻ መርጨት ይበቃል።

የመጨረሻው ነጥብ ከአትክልት ይበልጣል። ጸሐፊው የሮማን ሥር ቅርፊት ተቀቅሎ ለሆድ ትል ይጠጣ ብለዋል። ይህ አደገኛ ነው።

እውነት ነው፣ ቅርፊቱ በጥንት ዘመን በብዙ አገር ለኮሶ ትል ይሰጥ ነበር። ትሉንም ያስወጣል። የሚያስወጣው ግን ውስጡ መርዝ ስላለ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሻርል ታንሬ እ.ኤ.አ. በ1878 ከቅርፊቱ ያንን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣና ፔሌቲዬሪን አለው። ስሙን የወሰደው ከፒየር ጆሴፍ ፔሌቲዬ ነው፤ ኪኒንን እ.ኤ.አ. በ1820 ከባልደረባው ጋር ካገኘው ሰው። ፔሌቲዬሪን በትሉ ላይ እንደሚሠራው በሰው ላይም ይሠራል። ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ዓይን ያደበዝዛል፤ ሲበዛ ጡንቻን ያዝላል፣ ትንፋሽን ያቆማል። አንድ ስኒ ቅቅል ውስጥ ምን ያህሉ እንዳለ ቤት ውስጥ መለካት አይቻልም። ከዛፍ ዛፍ፣ ከሥር ሥር ይለያያል። ሕፃን ልጅና ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ አስቡት። ለኮሶ ትል ዛሬ ፕራዚኳንቴልን የመሰለ በልክ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል። የሚበላው የሮማን ፍሬ ነው።

ለጽሑፉ ባለቤት አንድ ልመና አለኝ። ስለ ዘሩም፣ ስለ መግረዙም ባንስማማ ጊዜ አለን፤ እንነጋገራለን። የቅርፊቱን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጡት። የረገፈ አበባ ያየም ሰው ዛፉን ከመቁረጡ በፊት አንድ ቀን ጨርቅ አንጥፎ እንዲቆጥር ይጨምሩበት። እማማ ዘጠኙን አበባ በክር ምልክት አድርገውባቸዋል። ዛሬ ጠዋት በአጥሩ ላይ ጠርተውኝ ነበር፤ አራተኛው ቋጥሯል።